የአባቴን መዝገብ ክፈቱልኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። የምኖረው አዳማ ነው፤ ተወልጄ ያደግኩት ግን ሐረር። አባቴ የሦስተኛው ክፍለ ጦር ሹፌር ነበር፤ ማዕረጉ አሥር አለቃ። መስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ስትወድቅ እዚያ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ሞቷል ያለን የለም። አለ ያለንም የለም።

ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ ብዬ አይደለም። የአባቴ ስም መዝገብ ላይ አለ። በዓይኔ አይቼዋለሁ። መዝገቡ ለምን እንደማይከፈትልኝ ግን እስከ ዛሬ በወጉ የነገረኝ ሰው የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚያዝያ 2009 በሰው በሰው ተጠቁሜ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ከዚያ በፊት ሦስት ቦታ ተመላልሻለሁ። አንዱ ወደ ሌላው ይመራኛል፣ ሌላው መልሶ ወደ መጀመሪያው ይልከኛል። በአራተኛው ቦታ አንድ ወጣት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አገኘሁ። ማመልከቻዬን ቁጭ ብሎ አነበበው። እስከ መጨረሻው ያነበበልኝ እሱ ብቻ ነው። «እትዬ፣ ቆይ እስቲ ልየው» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ሲመለስ አንድ ትልቅ መዝገብ በሁለት እጁ አቅፏል። ጀርባው በቡናማ ፕላስተር ተለጥፏል። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው አቧራው ቡን አለ።

ገለጠው። የሌሎቹን ስም እንዳላይ ነጭ ወረቀት ጋረደባቸው። ይህን በማድረጉ አመሰግነዋለሁ፤ የሰው ሐዘን ነው። ጣቱን ከላይ ወደ ታች እያወረደ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። የአባቴ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የአያቱ ስም። ማዕረጉ። የወታደር ቁጥሩ። በሰማያዊ ቀለም፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ። ቀጥሎ «ያለበት ያልታወቀ» ይላል። ይህችን ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ።

ከእሷ ቀጥሎ ግን አንድ ሌላ ዓምድ አለ። ባዶ አይደለም። በሌላ ቀለም፣ በሌላ ሰው እጅ ሁለት መስመር ተጽፎበታል። ልጁ መዳፉን ጫን አደረገበት። «ይቺ አይፈቀድም እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለኝ። መዝገቡንም ዘጋው።

እኔ ግን አስተማሪ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ከተማሪ ፊት ቆሜ ደብተሩን ከማዶ ሆኜ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ። የተገለበጠ ጽሑፍ አይከብደኝም። መዳፉ ሳይደርስበት አንድ ቃል ለቅሜአለሁ። «ጥቅምት» ይላል።

ጅጅጋ የተያዘችው መስከረም መጀመሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ከዚያ በኋላ፣ በሆነ ጥቅምት ላይ፣ አባቴ የሆነው ነገር አለ። ወይም ስለ እሱ አንድ ሰው የጻፈው ነገር አለ። የተማረከበት ቀን ይሆን? የሞተበት? ወይስ በሌላ ዓመት ጥቅምት አንድ ሰው አየሁት ብሎ የሰጠው ቃል? ሌሊት ስነቃ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ይኼው ነው። ሁለት መስመር ጽሑፍ። አንብቦ ለመጨረስ ከግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ለወጣት አንባቢዎች ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴን የገባው ሐምሌ 1969 ነው። እኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባዬ ስንቅና ጥይት እየጫነ ሐረርና ጅጅጋ ይመላለስ ነበር። የመጨረሻ ደብዳቤው የመጣው ነሐሴ ላይ ነው። «መንገዱ አስቸጋሪ ነው፣ ጎማ የለም፣ ልጄ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ» ይላል። ጅጅጋ ስትያዝ ከጅጅጋ ወደ ሐረር የሚያሳልፈው የማርዳ በር አብሮ ተያዘ፤ ጦርነቱም ወደ ሐረር ተጠጋ። መድፉን ቤታችን ሆነን እንሰማው ነበር። ከዚያ የኩባ ወታደሮች መጡ፣ የሶቭየት መሣሪያ መጣ። የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ላይ ድል ሆነ። ጅጅጋም ተመለሰች።

ካራማራ ሲባል ደሜ ይሞቃል። በየዓመቱ በዓሉን አከብራለሁ። ግን ከካራማራ በፊት የነበረውን ያንን ስድስት ወር የሚያነሳው የለም። አባቴን የመሰሉ ሰዎች የቀሩት እዚያ ውስጥ ነው። በድሉ ቀን አልነበሩም። ሞተዋል እንዳይባል አስከሬን የለም። ተማርከዋል እንዳይባል ዝርዝር የለም። እንዲያው ከመሬት የሰመጡ ይመስል ዝም ተባለ።

እናቴ ደሞዙን ለጥቂት ወራት ተቀበለች። ከዚያ ተቋረጠ። ስትጠይቅ «ከፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ» አሏት። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንድ ሰው ሁለት ዓመት ወሬው ከጠፋ ቤተሰቡ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ የመጥፋት ውሳኔ ማግኘት እንደሚችል ይደነግጋል። ውሳኔው ከተሰጠ ሰውየው እንደ ሞተ ይቆጠራል። ንብረቱ ለወራሾቹ ይተላለፋል። ጋብቻውም ይፈርሳል። የጎረቤታችን ልጅ ማመልከቻውን በጥሩ አማርኛ ጽፎ አመጣላት። ብዕሩን አቀበላት። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ምን እንደሚል ጠየቀችው። «ጋብቻው ይፈርሳል» የሚለው ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ከእጁ ወስዳ አራት ቦታ አጠፈችው። «በሕይወት ያለ ባሌን አፍርሱልኝ ብዬ ልፈርም?» አለች። ጡረታውን ሳታገኝ ቀረች። ጠላ ጠምቃ፣ እንጀራ ሸጣ አስተማረችን። ያችን የታጠፈች ወረቀት ከሞተች በኋላ ከሳጥኗ ሥር አግኝቻታለሁ።

አንድ ሰው መጥቶ «እመቤት፣ ባልሽ በዚህ ቀን እዚህ ቦታ ሞቷል» ወይም «ተማርኮ እዚህ አለ» ቢላት ኖሮ ያን ሁሉ ዓመት ባልተሰቃየች ነበር። መንግሥት የሚያውቀውን ትንሽ ነገር እንኳ ባለመንገሩ የድሃ ሴት ጉሮሮ ላይ ቆሞ ነበር።

መጋቢት 25 ቀን 1980 ኢትዮጵያና ሶማሊያ ተስማሙ። ነሐሴ ላይ በዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል አማካይነት የምርኮኞች ልውውጥ ሆነ። ከ3 ሺህ በላይ የእኛ ሰዎች ከሶማሊያ ተመለሱ። ብዙዎቹ እስከ 11 ዓመት የታሰሩ ናቸው። የኤፍ-5 ተዋጊ ጄት አብራሪው ለገሠ ተፈራ ከእነሱ አንዱ ነበሩ። እናቴ ወሬውን በሬዲዮ ስትሰማ ቤቱን ኖራ ቀባች። ጤፍ አስፈጨች። እኔ ያኔ ገጠር ነበር የማስተምረው፤ ጠርታኝ መጣሁ። ሦስት ሳምንት ጠበቅን። መኪና ሲቆም ሁለታችንም እንነሳ ነበር። የመጣ የለም።

የተመላሾች ስም ዝርዝር የሆነ ቦታ ነበር ማለት ነው። ሰው ሳይቆጠር፣ ሳይመዘገብ ከአገር አገር አይተላለፍም። እኛ ግን ያንን ዝርዝር አላየነውም። በሬዲዮ አልተነበበም። ቀበሌ ላይ አልተለጠፈም። አባዬ አለመኖሩን ያወቅነው ባለመምጣቱ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ የእድር ሰዎች አንድ ተመላሽ ይዘው መጡ። የሚላላክ ሰው አገናኝቷቸው ነው። ቀጭን ሰውዬ፣ ጥርሱ የረገፈ። የአባቴን ፎቶ ብናሳየው አላወቀውም። ፎቶው የሠርግ ጊዜ ነው፤ ወጣት ነው። እናቴ ተስፋ ቆርጣ ፎቶውን ስታነሳ «ሹፌር ነው አላችሁ? ግራ እጁ ላይ ጠባሳ አለው?» አለ። ነበረው። ራዲያተር ሲከፍት የፈላ ውሃ ፈንቅሎ ያቃጠለው፤ ከአውራ ጣቱ እስከ አንጓው ድረስ። እኛ ሳንነግረው ነው የጠየቀው። «በመጀመሪያው ዓመት አብረን ነበርን። ሲያመው ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት። ከዚያ አላየሁትም» አለን። እናቴ እጁን ይዛ ሳመችው። የአባዬን እጅ ያየ ዓይን ነውና ዓይኑንም ሳመችው።

ይህ ሰው ሲመለስ የሚያውቀውን ጠይቆት የጻፈ ባለሥልጣን ነበር ወይ? እኔ የምጠረጥረው ያቺ ዓምድ ላይ ያለችው ጽሑፍ እንዲህ ያለ ቃል እንደሆነች ነው። ሌላው ተመላሽ ደግሞ ሌላ ሰው አይቶ ይሆናል። የአንዱ ቃል ከሌላው ጋር ቢገጣጠም የስንቱ ቤት ጥያቄ ይመለስ ነበር! ግን ቃሉ ሁሉ በየመዝገቡ ተዘግቶ ተቀምጧል። የተናገሩትም ሰዎች እያረጁ፣ እየሞቱ ነው። ያ ጥርሱ የረገፈው ሰውዬ ከሞተ ቆይቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስለ ምርኮኞች አያያዝ በ1949 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት አለ። አገራችን በ1962 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። በዚህ ስምምነት አንድ ወታደር ሲማረክ ለጠላቱ መናገር ያለበት ጥቂት ነገር ነው። ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የትውልድ ቀኑንና የወታደር ቁጥሩን። ከዚያ ሌላ ምንም እንዲናገር ሊገደድ አይችልም። እንግዲህ አስቡት። እነዚህ ነገሮች ምስጢር ስላልሆኑ ነው ለጠላት እንኳ እንዲነገሩ የተፈቀደው። ለጠላት የሚነገረው ለልጁ እንዴት ክልክል ይሆናል?

ያው ስምምነት ምርኮኛው ካምፕ በደረሰ በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ መማረኩን የሚገልጽ ካርድ ለቤተሰቡና ጄኔቫ ላለው ማዕከል እንዲልክ ይፈቅድለታል። ተዋጊ አገሮችም የምርኮኞችን ጉዳይ የሚይዝ የመረጃ ቢሮ እንዲያቋቁሙ፣ ቢሮውም የሚደርሰውን ለቤተሰብ ቶሎ እንዲያስተላልፍ ያዛል። በ1986 ዓ.ም. የተቀበልነው ተጨማሪ ፕሮቶኮል ደግሞ ቤተሰብ የዘመዱን ዕጣ የማወቅ መብት እንዳለው በግልጽ ያስቀምጣል። ስለዚህ የእኔ ጥያቄ የለቅሶ ጥያቄ ብቻ አይደለም። አገሬ ፈርማበታለች።

የራሳችንም ሕግ አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ ስለማግኘት ይናገራል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ዝርዝሩን ያወጣል። ማንኛውም ሰው መረጃ መጠየቅ ይችላል። ለምን እንደፈለገው መናገር አይጠበቅበትም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ከከለከለ ምክንያቱን በጽሑፍ ያቀርባል። ቅር ያለው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላል። እውነት ነው፣ አዋጁ የመከላከያና የደኅንነት መረጃዎችን ከመገለጥ የሚጠብቅ አንቀጽ አለው። እኔም አልቃወመውም። ዛሬ ጦሩ የት እንዳለ፣ ምን እንደታጠቀ ንገሩኝ አላልኩም። የጠየቅኩት ከ47 ዓመት በፊት አንድ ሹፌር ምን እንደሆነ ነው። ያኔ የተዋጋነው የዚያድ ባሬ መንግሥት በ1983 ፈርሷል። የራሳችንም የደርግ መንግሥት በዚያው ዓመት ወድቋል። ሁለቱም የሉም። ምስጢሩ የሚጠበቀው ከማን ነው?

አንድ ኃላፊ «ቁስል መቀስቀስ ይሆናል» ብለውኛል። በክፋት አልተናገሩትም፤ ደግ ሰው ናቸው። ግን ቁስሉ መቼ ደርቆ ነው? እናቴ በየዓመቱ ለሚካኤል ስትዘክር ቄሱ የሚጸለይላቸውን ስም ይጠይቋት ነበር። የአባዬን የክርስትና ስም ትሰጣቸዋለች። «ለሙታን ነው ለሕያዋን?» ይሏታል። ጸሎቱ የተለያየ ነው። እናቴ ዝም ትላለች። ትንሽ ቆይታ «ለጠፋ» ትላለች። ቄሱ የሚሉት ይጠፋቸው ነበር። ፍትሐት አልተፈታለትም፤ ተዝካር አልወጣለትም። ብታወጣለት ገደለችው ማለት ነው። እናቴ በ2013 ስታርፍ ሁለቱንም ላልቅሳቸው አሰብኩ። አልቻልኩም። እኔም ልክ እንደ እሷ «ለጠፋ» ማለት ጀምሬአለሁ።

ሌላው የሚፈራው ነገር፣ ሰዎች ባይናገሩትም፣ ውርደት ነው። መማረክ እጅ መስጠት ነው ይባላል። ከተመለሱት መካከል በጥርጣሬ ዓይን የታዩ እንዳሉ ሰምቻለሁ። እናቴም አንድ ጊዜ በጆሮዬ «ከድቷል ብለው ጽፈው ቢሆንስ?» ብላኝ ታውቃለች። እኔ እሱንም አስቤበታለሁ። ከድቶም ከሆነ ልወቀው። ፈርቶ ሸሽቶም ከሆነ ልወቀው። ጥይት ያለቀበት፣ ጎማ የፈነዳበት የ38 ዓመት ሹፌር ነው። አባቴ ነው። ያፈርኩበት ቀን የለም፤ ወደፊትም አላፍርበትም።

ስማቸው የሚታወቅ አሉ። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ሁለት ጊዜ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማርከዋል። ሁለተኛው ግንቦት 1990 አስመራ ላይ ነው። የእሳቸውን ስም አገር ያውቀዋል፤ ጋዜጦችም ጽፈውላቸዋል፤ መንግሥትም ጠይቆላቸዋል። የጄት አብራሪ ስሙ አይጠፋም። የሹፌሩ፣ የወጥ ቤቱ፣ የሬዲዮ ሠራተኛው፣ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሦስት ወር ሠልጥኖ የሄደው የገበሬ ልጅ ስም ግን መዝገቡ ላይ ብቻ ነው ያለው። መዝገቡ ከተዘጋ እነሱም አብረው ይዘጋሉ።

ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለችኝ። ይህን ጉዳይ ሳወራላት «እዚህ እኮ እንዲህ አይደለም» ብላ በቴሌግራም የሆነ ገጽ ላከችልኝ። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በቬትናም ጦርነት ስለጠፉና ስለተማረኩ ወታደሮች ያለውን ሰነድ ለሕዝብ ከፍቷል። ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ስም አስገብቶ ይፈልጋል። ይህም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ቤተሰቦቹ ዓመታት ጮኸው፣ ምክር ቤት ድረስ ሄደው፣ በ1991 እ.ኤ.አ. ሕግ ወጥቶ ነው። እኔ በጣም የወደድኩት አንድ ነገር አለ። ስለ ጠፋው ሰው ሁኔታና አያያዝ የሚናገር ሰነድ ከመለቀቁ በፊት የቅርብ ቤተሰቡ ይጠየቃል። ቤተሰቡ አይሁን ካለ አይወጣም። አንዳንዱ ገጽ ላይ ጥቁር የተቀባ መስመር አለ፤ መቀበል አለብኝ። ቢሆንም ከጥቁሩ ውጭ ያለው ይነበባል። ከቬትናም እስከ ዛሬ ያልተገኙላቸው ከ1,500 በላይ ናቸው፤ ቁጥሩን መንግሥታቸው ራሱ ያወጣዋል፤ አንድ ሰው በተገኘ ቁጥርም ያስተካክለዋል። የእኛን የኦጋዴን ጠፊዎች ቁጥር በይፋ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

አሜሪካ ሀብታም ስለሆነች ነው ትሉ ይሆናል። የስም ዝርዝር ግን ሀብት አይጠይቅም። እኛም ስንፈልግ ቆጥረን እናውቃለን። ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቆች ከ120 በላይ ሰው ሞቶባቸዋል። አንድም ሰው አልተማረከባቸውም። ይህን በኩራት የምንናገረው እያንዳንዱ ሰው ተቆጥሮ፣ በስሙ ተመዝግቦ ስለነበረ ነው። ኮሪያ ላይ የቆጠረ ጦር ጅጅጋ ላይ መቁጠር አያቅተውም። ቆጥሯልም፤ መዝገቡን አይቻለሁ አልኳችሁ እኮ።

ደግሞ ወረቀት ዘላለማዊ አይደለም። በ1973 እ.ኤ.አ. ሴንት ሉዊስ ከተማ ያለው የአሜሪካ ወታደሮች መዝገብ ቤት ተቃጥሎ ከ16 ሚሊዮን በላይ ፋይል አመድ ሆኗል። ቅጂ አልነበረውም። የእኔ አባት መዝገብ ጀርባው በፕላስተር የተያዘ ነው። ጫፉን አይጥ ቀምሶታል፤ በእርግጠኝነት አይቼዋለሁ። የክረምት ጣሪያ ቢያፈስ፣ ቢሮው ቤት ቢቀይር፣ አንድ ሰው «ይሄ አሮጌ ወረቀት» ብሎ ቢያስወግደው በቃ፣ «ጥቅምት» የሚለው ቃል ከእኔ ጭንቅላት በስተቀር የትም አይኖርም። ዛሬ አንድ ልጅ በእጅ ስልኩ ገጽ በገጽ ፎቶ ሊያነሳው ይችላል። የሁለት ሳምንት ሥራ ነው።

እንዴት ይከፈት ለሚለው የራሴ ሐሳብ አለኝ። ስም፣ ማዕረግ፣ የጦር ክፍል፣ መጨረሻ የታየበት ቦታና ቀን፣ ተማረከ ወይስ ያለበት አልታወቀም የሚለው፣ ይህ ለሁሉም ሰው ይታይ። በየወረዳው ይለጠፍ፤ በኢንተርኔትም ይውጣ። የቀረው ፋይል፣ የሕመሙ፣ የምስክር ቃሉ፣ የሚያስቀይመውም ጭምር፣ መጀመሪያ ለቤተሰቡ በጓዳ ይታይ። ቤተሰቡ ወደ አደባባይ ይውጣ ካለ ይውጣ። የብሔራዊ ቤተ መዛግብት ባለሙያዎች አሉን፤ እንዲህ ያለ ሰነድ እንዴት እንደሚያዝ ያውቃሉ። ኮፒው እነሱ ዘንድ ይግባ።

ይህን ስል የኦጋዴንን ብቻ እያሰብኩ አይደለም። ናቅፋ፣ አፋቤት፣ ምጽዋ የቀሩት አሉ። ባድመ የቀሩት አሉ። በቅርቡ በሰሜን በነበረው ጦርነት የቀሩት ገና ወሬያቸው ትኩስ ነው። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ በየቤቱ መርዶ ሲነገር ቴሌቪዥን ላይ አየሁ። ከባድ ነበር። እናቶቹ ሲወድቁ አይቼ አብሬ አለቀስኩ። ግን ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ቀናሁባቸው። ቢያንስ ተነገራቸው። እናቴ 43 ዓመት ስትጠብቅ ማንም ሰው በሯን አንኳኩቶ ያንን ቃል አልነገራትም። በየክልሉ ዛሬም ስልክ እየጠበቁ ያሉ እናቶች አሉ። እንደ እኔ እናት 43 ዓመት አይጠብቁ። ወረቀቱ ገና አዲስ ሳለ፣ ያየ ሰው በሕይወት ሳለ ይነገራቸው።

የቀይ መስቀልንም በር አንኳኩቻለሁ፤ እሱ ሌላ መንገድ ነው፣ እየተከታተልኩት ነው። የዛሬው ደብዳቤዬ ስለ ራሳችን መዝገብ ነው። ባለፈው ሳምንት አዲስ ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ በአዋጁ መሠረት፣ በጽሑፍ፣ ቀን ቆጥሬ። ከከለከሉኝም ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጡኝ ጠይቄአለሁ። የወታደር ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። ያን ቀን አንብቤ ያዝኩት። መዝገቡ ውስጥ ገጹ በግራ በኩል ነው፤ ከላይ ሲቆጠር አሥራ አንደኛው መስመር።

ያ የመዝገብ ቤት ልጅ ይህን የሚያነብ ከሆነ ጥፋተኛ ነህ አላልኩህም ልጄ። የታዘዝከውን ነው የሠራኸው። ስማቸውን የጋረድክላቸውን ሰዎች ልጆች ግን አስባቸው። እነሱም እንደ እኔ አንድ አንድ መስመር አላቸው።

የጋዜጣው አንባቢዎችንም አንድ ነገር ልለምን። ነሐሴ 1980 ከሶማሊያ ከተመለሳችሁት መካከል ዛሬ በሕይወት ያላችሁ አላችሁ። ልጆቻችሁም ይህን ያነቡላችሁ ይሆናል። የሦስተኛው ክፍለ ጦር ሹፌር፣ ጅጅጋ የተያዘ፣ ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ሲናገር ትንሽ የሚንተባተብ፣ ግራ እጁ ላይ ከአውራ ጣቱ እስከ አንጓው የቃጠሎ ጠባሳ ያለበት ሰው ታስታውሱ እንደሆነ፣ በመጀመሪያው ዓመት ታሞ ወዴት እንደተወሰደ የምታውቁ ከሆነ፣ እባካችሁ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ጻፉልኝ። ዝግጅት ክፍሉም አድራሻዬን ይዟል። ክፉም ቢሆን ጻፉልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአሥር አለቃው ልጅ፣
ከአዳማ